ዝንቧ እንዳትሰጥም
ስለ ተንሳፋፊ የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ በጂንካ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ጉዳዬ ከጥፍር የማይበልጥ ነገር ነው። በትንሽ መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ይጠመጠምና በራሪ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። በዚህ የሚያጠምዱ ሰዎች ድራይ ፍላይ ይሉታል፤ እኔ ተንሳፋፊ ዝንብ እለዋለሁ። ውሃው ላይ ቆሞ ሲሄድ ዓሣው ከሥር አይቶ ሊጎርሰው ይወጣል። ውሃ ጠጥቶ ከወረደ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከፊቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ይህን የልብስ መርፌ ቅቤ በነካው ጣቴ አሻሸሁት። አሁን በሹካ ጫፍ አጋድሜ ቀስ ብዬ ላስቀምጠው። እነሆ፣ ቆመ። ብረት ከውሃ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ቢሆንም አልሰጠመም። ከፊት ያላችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከመርፌው ሥር የውሃው ገጽ ጎድጉዷል እንጂ አልተቀደደም። ከጥግ በኩል አንዲት ጠብታ የሳሙና ውሃ ልጨምር። ወረደ።

የኦሞራቴ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ የሚንሳፈፈው በሌላ ምክንያት ነው። ከግንድ ተፈልፍሎ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቱን የሚያህል ውሃ ገፍቶ ይቆማል። የመረብ ተንሳፋፊም እንዲሁ። መርፌውንና ዝንቡን የሚሸከማቸው ግን የውሃው ገጽ ውጥረት ነው። የንጹሕ ውሃ ውጥረት በ20 ዲግሪ ሙቀት በሜትር 73 ሚሊኒውተን ያህል ነው። 30 ዲግሪ ቢደርስ የሚቀንሰው ከሁለት አይበልጥም፤ ስለዚህ የቆላውን ፀሐይ አትውቀሱት። ሳሙና ግን ከግማሽ በታች ያወርደዋል። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቆሞ ዝንቤ ለምን ሰጠመ ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ዝንብ የሚሰጥመው ስለከበደ ሳይሆን ስለራሰ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ሙያው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሃልፎርድ ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች አሠራር መጽሐፍ ያሳተመው በ1886 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን መገባደጃ አጥማጆቹ ዝንባቸውን የፓራፊን ዘይት ይቀቡ ጀመር። ወደ አገራችን ስንመጣ ትራውት የተባለው ዓሣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ በወይብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። በዝንብ ማጥመድን የሚሻ ሰው ዛሬም በባሌ ተራሮች ያለችውን ዲንሾን የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ይሁንና ለዝንቡ የሚያስፈልገው ዕቃ ጂንካ ገበያ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ዶሮ ተራ ሂዱና የአውራ ዶሮውን አንገት እዩ። ላባው ጠንካራ፣ አንጸባራቂ፣ ጠባብ ነው። መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም ቃጫዎቹ ዙሪያውን ይቆሙና ዝንቡን በጫፋቸው ውሃው ላይ ያቆሙታል። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ይመጥጣል፤ ለሚሰጥም ዝንብ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ዳክዬ ያላችሁ ደግሞ ጅራቷ ሥር ቅባት ከሚያመነጨው እጢ አጠገብ ያለውን ትንንሽ ላባ አትጣሉት። ቃጫዎቹ አየር ይይዛሉ። እሱን በወፍራም ቅባት መለሰን ግን ማበላሸት ነው፤ አየሩ የሚያዝበትን ቦታ ቅባቱ ይደፍነዋል። ላባ ፍለጋ ማጎ ፓርክ ገብቶ ወፍ ማደን ደግሞ ክልክል መሆኑን ለናንተ መንገር አያሻኝም።

ሰሙ ከአሪ ደጋ ንብ አናቢዎች ይገኛል። ክሩን ከመጠምጠማችሁ በፊት በንብ ሰም አሻሹት፤ የዝንቡ አካል ከውስጥ ጀምሮ ውሃ አያስገባም። የተጣራ ሰም ብቻውን ይደርቃል። ስለዚህ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጣችሁ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ቀላቅሉበትና በትንሽ ቆርቆሮ አቀዝቅዙት። ቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ሰም ይቀጣጠላል።

አቀባቡ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ቅባቱን በሁለት ጣት መካከል አሻሽታችሁ እስኪጠፋ ድረስ አሙቁት፣ ከዚያ የቀረውን ብቻ ላባው ላይ አሳልፉ። ቃጫዎቹ ከተጣበቁ በዝቷል ማለት ነው። ደግሞም የሚቀባው ደረቅ ዝንብ ነው። የራሰውን መቀባት ውሃውን ውስጡ ማሸግ ነው።

ዓሣ ከያዘ በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። የዓሣው ልጋግ ላባውን ይለጥፈዋል፣ ውሃም ይስባል። መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ እየወዘወዛችሁ እጠቡት። ቀጥሎ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጨምቁት፣ እፍ በሉበት። የማጥመጃውን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ አወናጭፉና ከዚያ በኋላ ቀቡት። ይህን ለማድረግ የሚሰንፍ ሰው ትል ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል።

የት ይሠራል? ኦሞ ላይ አልመክርም። ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል፣ ዓሣው በላዩ የሚያልፈውን ነገር አያይም፤ አዞም አለ። የዳሰነች አጥማጆች ቱርካና ሐይቅ ላይ የሚይዙት ቆሮሶና ናይል ፐርች የመረብ ዓሣ ነው፤ እነሱን ዝንብ ላስተምር ማለት ድፍረት ይሆንብኛል። ለዚህ ሙያ የሚመቸው ከደጋው የሚወርድ፣ ታችኛው ድንጋይ የሚታይ፣ ማለዳና ማታ ነፍሳት የሚያርፉበት ጅረት ነው። በኦሞ ተፋሰስ የሚኖረው፣ ጣና ላይ ዘመዱን ነጭ ዓሣ የምንለው ባርበስ፣ ነፍሳት ይበላል።

ትራውቱን ከባሌ አምጥተን እዚህ እንልቀቅ የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። ትራውት ሌላውን ዓሣ የሚበላ መጤ ነው፤ ጅረቶቻችን የራሳቸው ዓሣ አላቸው፤ አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ንብ አናቢዎች፣ ጠጅ ጣዮች፣ አንድ ልመና አለኝ። ከጠጅ የሚተርፈውን ሰፈፍ አትድፉት። አጣሩትና ለወጣቶቹ ስጧቸው፤ አንዲት ጭብጥ ሰም ለብዙ ዝንብ ትበቃለች።