ቀንድ እጀታ ያለው ቢላዋ
(በአቃቂ ቃሊቲ ለድኅረ መሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቢላዋ ነው። «ስለ ቢላዋ ደግሞ ምን ይወራል? ሥጋ ይቆርጣል፣ አለቀ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወደ እናንተ ስዘምት የማስበው እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን አንድ የቆየ ቢላዋ አበላሽቼ ብዙ ነገር ተማርኩ። ጥፋቴን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ቀንድ ምን እንደሆነ እንመልከት። የበሬ ቀንድ መሐሉ አጥንት ነው። ላዩን የሸፈነው ግን አጥንት አይደለም፤ ጥፍራችንና ጠጉራችን ከተሠሩበት ነገር የተሠራ ነው። ባለ እጁ ቀንዱን ቀቅሎ ወይም አሰንብቶ አጥንቱን ያወጣና ሽፋኑን ይይዛል። ሰፊው በኩል ዋንጫ ይወጣዋል። ጫፉ ድፍን ስለሆነ ለእጀታ ይሆናል። ጫፉን በጋለ ብረት ይበሳና የስለቱን ጭራ ያስገባበታል። ቀንድ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአውሮፓም የእንግሊዙ ሼፊልድና የጀርመኑ ዞሊንገን በቢላዋ ሥራ ስማቸው የታወቀ ከተሞች ናቸው። እዚያ ከሚሠሩት እጀታዎች አንዳንዶቹ አጋዘን ከሚመስል የዱር እንስሳ ቀንድ የተሠሩ ናቸው። የዚያ እንስሳ ቀንድ ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቅና ሌላ ይበቅላል። የእኛ አገር አጋዘን ግን ቀንዱን አይጥልም። እንዲህ ያሉ የቆዩ ቢላዋዎችንና ሹካዎችን በውድ ዋጋ እየገዙ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው።

በእኛም አገር የድሮ ጎራዴዎች እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። ይህ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አውራሪስ በአደን ብዛት ስላለቀ፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀንዱን ከአገር ወደ አገር መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። የበሬ ቀንድ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። በሬው ለሥጋው ይታረዳል፤ ቀንዱ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

ለክፍላችን ኤግዚቢሽን የቆዩ ዕቃዎች ከየቤቱ ስለምን፣ አንዲት እናት ቀንድ እጀታ ያለው ቢላዋ አዋሱኝ። ባለቤታቸው በሠርጋቸው ዓመት ያመጡት ነው። በስንት ድግስ ብርንዶ ተቆርጦበታል! እኔም ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ፣ እድፉ እንዲለቅ ብዬ ቢላዋውን ፈልቶ በወረደ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ሳወጣው እጀታው ተሰንጥቆ ከስለቱ ተላቋል። ምን ላድርግ? የምገባበት ጠፋኝ።

እማማ ግን አልተቆጡኝም። «አይዞህ ልጄ፣ ሰው አልሞተ» አሉና እዚያው ሰፈር ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ወሰዱኝ። ሽማግሌው እኛው ክፍል የሚማሩ ናቸው። እጀታውን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያም በእጀታው ሥር ያሉትን ሦስት ጭረቶች በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄ የአባቴ ሥራ ነው» አሉ።

«እንዴ! ጎረቤት ሆነን ይህን ሁሉ ዘመን!» አሉ እማማ።

«አባቴ ለዚህ ሰፈር ሁሉ ቢላዋ ሠርቷል። ስሙን የጠራው ግን የለም። ‹ያ ቀጥቃጭ› ነበር የሚባለው።»

እማማ አንገታቸውን ደፉ። እኔም የምናገረው አጣሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እንዳወጡ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። አዋጁ ወጣ እንጂ ስድቡ ከሰው አፍ አልጠፋም። ሰው በቢላዋው እየበላ የሠሪውን ስም ሊጠራ ይጸየፍ ነበር።

ሽማግሌው ቢላዋውን አደሱት። ስንጥቁን በቀጭን ሽቦ አሰሩ፤ ቀዳዳውን በሙጫ ሞሉ። ለኤግዚቢሽኑ ስናስቀምጠው ከጎኑ የሚሆን ወረቀት ሰጠኋቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የአባታቸውን ስም ከነአያታቸው ጻፉ። ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የጻፉት የመጀመሪያው ስም ይህ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቀንድ እጀታ ያለውን ዕቃ በሙቅ ውኃ አትንከሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ወዲያው አድርቁ። እሳት ዳርም ፀሐይ ላይም አታስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ብል ልብስ እንደሚበላ ቀንድም ይበላል። ስለዚህ በየጊዜው እያወጣችሁ እዩት።

ሦስተኛ፣ ቀንዱን ከፕላስቲክ ለዩ። ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ቀንድ ግን ደርብ ደርብ ነው፤ ቀለሙም አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

አራተኛውና ዋናው፣ ጻፉ! ማን ሠራው? ማን ገዛው? የትና መቼ? ለምን ድግስ ወጣ? በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ የአገራችንን የእጅ ሥራዎች በሙዚየሙ ሰብስቧል። ቢሆንም የእያንዳንዱን ቤት ቢላዋ ታሪክ የሚያውቅ ከባለቤቱ በቀር ማንም የለም። ነጋዴ መጥቶ በጥቂት ብር ሊገዛችሁ ይችላል። መሸጥ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሳይጻፍ ከቤት የወጣ ቢላዋ፣ ከዚያ በኋላ ቢጠየቅም አይናገርም።

ፊደል ቆጥራችኋል፤ ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። ለሚቀጥለው ሳምንት ከቤታችሁ አንድ የቆየ ዕቃ መርጣችሁ የሠራውን ሰው ስም ጽፋችሁ ኑ። ስሙን የማታውቁት እንደሆነ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ማን ያውቃል፣ ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል።