ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር መልካም ነገር አሰምተውናል። እኔ ግን የተነሣሁት ዝቅ ስላለ ነገር፤ ማለት ስለ መኪና የአየር ማጣሪያ ለመናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ዕቃ በቤታችን ላይ ያመጣውን ነገር ስትሰሙ ርእሱ ከንቱ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ።

የምንኖረው በቾ ቦሬ ነው። አባቴ በአንዲት አሮጌ ፒካፕ ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ቡና ያመላልሳሉ፤ የእኔና የእኅቴ የትምህርት ወጪም የሚወጣው ከዚችው መኪና ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተሯ ስላረጀ ከሌላ መኪና የወጣ ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ተገዝቶ ተገጠመላት። የቀድሞው የማጣሪያ ሳጥን ግን ለአዲሱ ሞተር አልገጥም አለ። ታላቅ ወንድሜና እኔ ተማክረን፤ ሳጥን የሌለውን፤ በቱቦ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቀውን ክፍት ማጣሪያ እንዲገዙ አባታችንን ለመንናቸው። ከሁሉ ይልቅ የወተወትሁ እኔ ነበርሁ፤ ምክንያቴም ድምፁ ስለሚያምር ነበር። አባቴም «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» ብለው እሺ አሉን።

ስሕተታችንን ለመረዳት አስቀድሞ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። በሚዛን 1 እጅ ቤንዚን በሚገባ ለመንደድ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ስለሚመዝን፤ ወደ 11 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያሻዋል ማለት ነው፤ ይህም በጅማ ከፍታ ላይ ከ10,000 ሊትር ይበልጣል። ደግሞም ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ የሚተነፍስ ስለሆነ፤ የእኛው ባለ 2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር 4,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል።

ይህ ሁሉ አየር የሚመጣው ከየት ነው? ቡና የሚለቀመውና የሚጓጓዘው ከጥቅምት እስከ ጥር፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡናው ገጠር የሚገባው ፒስታ መንገድ በዚያን ጊዜ ዱቄት ይሆናል። በአቧራው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። ይህ አሸዋ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ስለሆነ ሲሊንደር ከሚሠራበት ብረት ይጠነክራል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከሚሊሜትር 70 ሺሕኛ ያህል ሲሆን፤ ሞተር የሚጎዳው አቧራ ግን ከ5 እስከ 20 ሺሕኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችን የማያየው ነገር ብረት ይበላል።

በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የቡናው ወራት ሳያልቅ መኪናይቱ ዘይት መጠጣትና ሰማያዊ ጢስ ማውጣት ጀመረች። መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍት የፒስቶኖቹ ፋሻ ተበልቶ፤ ሲሊንደሩም ተፍቆ ተገኘ። ለዓመታዊ ምርመራ ስንወስዳትም መርማሪው ጢሷንና ጩኸቷን አይቶ፤ የሞተሩም ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር እንደማይስማማ አረጋግጦ ቦሎ ከለከላት። እውነትም ነበረው። መኪናይቱ አራት ወር ቆመች፤ ታናሽ እኅቴም ያን ዓመት ክፍያ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ተዛወረች። አባቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን እኅቴ ሌላ ደብተር ይዛ ስትወጣ ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር።

አሁን ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልግለጽ።

አንደኛ፤ ሞተር የለወጠ ሰው ሞተሩን ከሰጠው መኪና ላይ የማጣሪያ ሳጥኑንም አብሮ ይውሰድ። ፋብሪካው ያን ሳጥን የሠራው ለዚያ ሞተር ትንፋሽ በልክ ነው። ካልተገኘ ከሚተካው የማያንስ የተዘጋ ሳጥን ይፈለግ።

ሁለተኛ፤ ሳጥኑ አየር የሚስበው ከመኪናው ፊት ወይም ከጎን፤ ከቀዝቃዛው ቦታ ይሁን። ክፍት ማጣሪያ ከሞተሩ አጠገብ ትኩስ አየር ይስባል። አየር 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፤ ድምፁ ቢጨምርም ኃይሉ ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ሞተሮቻችን ቀድሞውንም በስስ አየር ነው የሚሠሩት። የቀረውን ማባከን አይገባም።

ሦስተኛ፤ ለአቧራ አገር ወረቀቱ ፊልትሮ ይበቃል። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ማጣሪያ ታጥቦ እንደገና ስለሚያገለግል የሚወዱት አሉ፤ ዘይቱ ከመጠን ካለፈ ግን አየር የሚለካውን ሴንሰር ያበላሻል። ወረቀቱን በአየር ግፊት ስናጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ፤ በዝግታ ይሁን። ከውጭ በኃይል የተነፋ ወረቀት ይቀደዳል፤ የተቀደደ ፊልትሮም ከሌለው አይሻልም።

አራተኛ፤ ከሞተሩ ራስ ወደ ማጣሪያው የምትሄደው የጭስ መመለሻ ቱቦ ተንጠልጥላ አትቅር። ክፍት ማጣሪያ የሚገጥሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሷት እርሷን ነው፤ ያን ጊዜ የዘይት ጭስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አቧራም ወደ ውስጥ ይገባል።

አምስተኛ፤ ሥራው ሲያልቅ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አፈር ካነሣ አንድ ቦታ ይሾልካል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጎማው መግጠሚያ ወይም ከቱቦው ማሰሪያ ነው።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ሞተር የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ከፋብሪካው የተለየ የአየር መሳቢያ በመንገድ ላይ የሚፈቀደው የአየር ሀብት ቦርድ የሚባለው መሥሪያ ቤት መርምሮ የፈቃድ ቁጥር ሲሰጠው ነው። ሕጉ ለእኔ ቁጣ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ጢሱን ስለሚተነፍሰው ጎረቤታችን እንደ ተሠራ ገብቶኛል።

የእኛም መኪና ዛሬ ሞተሯ ታድሶ፤ ሊብሬዋ ተስተካክሎ፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ የተዘጋ ሳጥን ተገጥሞላት ትሠራለች። ድምፅ የላትም፤ ቦሎ ግን አላት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፤ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉን እንፈልጋለን። እነርሱን ደኅና አድርጎ መያዝ የእኛ የተማሪዎችም ፈንታ ነው። እኔ ስለ አየር ክብደት በፊዚክስ ክፍል ተምሬ ፈተናውንም አልፌ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱን ከደብተሬ ወደ አባቴ መኪና አላሻገርሁትም። እናቶቻችን ዱቄቱን በወንፊት፤ ጠላውን በማጥለያ ያጠራሉ፤ አተላ ይዞ ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ የለም። ለሞተሩም ይህንኑ ያህል ክብር ብንሰጠው እርሱም እኛን ያኖረናል።