ስለ ጠጉር መሳሳትና ራስን ስለ መላጨት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ለአንዳንዱ ቀላል፣ ለአንዳንዱም የሚያስቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም የራስ ጠጉር ሲሳሳ በሰው ላይ የሚያሳድረው አሳብና፣ ጠጉሩ የሳሳበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሊላጭ ሲቈርጥ የሚገጥመው ነገር ነው። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ከመስተዋት ፊት ቆሞ የቀረችውን ጠጉር ከቀኝ ወደ ግራ የሚያስተኛ፣ ፎቶግራፍ በተነሣ ቍጥር ከኋላ ረድፍ የሚቆም፣ ነፋስ ሲነፍስ እጁን ወደ ራሱ የሚሰድ፣ ባርኔጣውን ላለማውለቅ ሲል ብቻ ከግብዣ የሚቀር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሁሉ፣ ጉዳዩ ጥቂት ደቂቃ ሊሰጠው እንደሚገባ ይረዳል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። የጠጉር መሳሳት ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ መሸሸጉ ግን ወደ በሽታ ይጠጋል። ጠጉር ቢረግፍ ሥራን አያጐድልም፤ እርግፈቱን ለመደበቅ የሚጠፋው ጊዜ፣ ገንዘብና የአእምሮ ዕረፍት ግን ከሰውዬው ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ የነገሩን ምክንያት እንመልከት። በጤነኛ ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ጠጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቆይና ጥቂት ወራት ዐርፎ ይረግፋል፤ በቦታውም ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጉር ቢረግፍ የተፈጥሮ ልማድ እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

ራሰ በራነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቴስቶስተሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ዲሃይድሮቴስቶስተሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይሆናል። ይህም ሆርሞን፣ በትውልዱ ለዚህ የተዘጋጀ ሰው ሲያገኝ፣ የግንባሩንና የመኻል ራሱን የጠጉር ሥሮች ቀስ በቀስ ያሳንሳቸዋል። በየጊዜው የሚበቅለው ጠጉር ከቀድሞው እየቀጠነና እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ለዓይን የማይታይ ጸጉፍ ይሆናል። ከጆሮ በላይና በማጅራት ያለው ጠጉር ሆርሞኑን ስለሚቋቋም ሳይነካ ይቀራል። በብዙ ራሰ በራዎች ዘንድ እንደ ፈረስ ጫማ የተከበበ ጠጉር የሚቀረው ስለዚህ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ጄምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ጠጉራቸው መሳሳት እንደሚጀምር አስረድቷል። ይህ ምርመራ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ነገሩ የሚመጣው ከሆርሞንና ከዘር ነው፤ ዘሩም ከአባት ወገን ብቻ ሳይሆን ከእናት ወገንም ይወረሳል። ሁለተኛ፣ ባርኔጣ ማዘውተር፣ ራስን በሳሙና መታጠብ፣ መጽሐፍ ማብዛት ወይም የሰው ዓይን ያመጣው ነው እየተባለ የሚወራው ሁሉ መሠረት የለውም። ሰው የአያቱን አፍንጫ ስለ ወረሰ እንደማያፍር ሁሉ፣ የአያቱን ግንባር ስለ ወረሰም ሊያፍር አይገባውም።

ይሁን እንጂ የጠጉር መርገፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠጉሩ በድንገት የሚረግፍ፣ በሳንቲም መጠን ክብ ሆኖ የሚመለጥ፣ ወይም ቆዳው የሚያሳክክና የሚቀረፈት ቢሆን፣ እንዲሁም የሚረግፍባት ሴት ወይም ሕፃን ብትሆን፣ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቆረቆር፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና አንዳንድ ብርቱ መድኃኒቶች ጠጉርን ያረግፋሉና፤ እነዚህም ብዙውን ጊዜ የሚታከሙ ናቸው።

ስለ መድኃኒትም ጥቂት ልናገር። ራሰ በራነትን ለመፈወስ የሰው ልጅ ያልሞከረው የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈው፣ ዛሬ የኤበርስ ፓፒሩስ የሚባለው የሕክምና ጥቅል፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመትና የእባብ ስብ ተቀላቅሎ ራስ እንዲቀባ ያዝዛል። የሮማው ገዥ ዩልዮስ ቄሣር የሳሳውን ጠጉሩን ከመኻል ራሱ ወደ ግንባሩ እየሳበ ያበጥር እንደ ነበረ፣ የሮማ ምክር ቤትም ከሰጠው ክብር ሁሉ የወደደው የሎረል ቅጠል አክሊል ዘወትር እንዲደፋ መፈቀዱን እንደ ነበረ ታሪክ ጸሓፊው ስዌቶኒዩስ ጽፏል። ያን ያህል አገር ያስገበረ ሰው በራሱ ላይ ያለችውን አንድ ስንዝር ቦታ ማስገበር አቅቶት ነበር ማለት ነው።

በዘመናችን እውነተኛ መድኃኒት ተገኝቷል። ሚኖክሲዲል የሚባለው፣ መጀመሪያ ለደም ብዛት የተሠራው መድኃኒት፣ ራስ ላይ እንዲቀባ በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ተፈቅዷል፤ ፊናስተራይድ የተባለውም እንክብል በ1997 ዓ.ም. ተከትሏል። ሁለቱም ለብዙዎች ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ለሁሉም አይሠሩም፤ በተቋረጡም ጊዜ ጥቅማቸው አብሮ ይቋረጣል። ከማጅራት ጠጉር ነቅሎ በግንባር የመትከል ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ዋጋው ግን የወር ደመወዝተኛ በቀላሉ የሚደፍረው አይደለም። ሐኪም አማክሮ ከእነዚህ አንዱን የሚመርጥን ሰው የሚነቅፍ የለም። የሚያሳዝነው ስሙና ይዘቱ ያልታወቀ ቅባት «በአንድ ወር ያበቅላል» ብሎ ከሚሸጥ ሰው እጅ እየገዛ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያዘገይ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ብዙ ወጪ የሌለው፣ ማንንም የማያታልል አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም የቀረውን ጠጉር በፈቃድ መላጨት ነው።

ሆኖም በእኛ አገር የተላጨ ራስ ዝም ብሎ የተላጨ ራስ አይደለም፤ የሚናገረው ነገር አለው። ልጆች ሳለን ዙሪያው ተላጭቶ ቁንጮ ወይም ጋሜ ይቀርልን ነበር፤ ይህም የልጅነት ምልክት ነው። መነኵሴ ዓለምን ሲተው ጠጉሩን ይቈረጣል። ሙስሊም ወንድሞቻችን የሐጅ ሥርዓታቸውን ሲፈጽሙ ይላጫሉ ወይም ያሳጥራሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የተላጨ ራስ የሐዘን ምልክት ነው፤ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ጠጉሩን ተላጭቶ ጥቁር ይለብሳል። ጻድቁ ኢዮብም የልጆቹን ሞት በሰማ ጊዜ ራሱን እንደ ተላጨ ተጽፏል። በአንጻሩ ደግሞ ጎፈሬ የጀግና፣ ሹሩባ የመኳንንት ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ስማቸው በተነሣ ቍጥር ሹሩባቸው አብሮ ይታወሳል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ጠጉሩን የሚላጭ ሰው ጠጉር ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ትርጉም መጋፈጥ አለበት።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በተላጨሁ ማግሥት ወደ ሥራ ስገባ የበሩ ዘበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለኝ። ወደ ክፍሌ ስደርስ የመዝገብ ቤቷ ወጣት ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን! ማን ነው?» ስትለኝ፣ «የሞተብኝ ጠጉሬ ብቻ ነው» ብዬ መለስሁላት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ሣቀች፤ ከምሳ በፊት ወሬው በቢሮው ሁሉ ተዳርሶ ከምሳ በኋላ የሚያነሣው ሰው አልነበረም። ማታ ስወጣ ዘበኛው እንደ ገና አስቆመኝና ቆቡን ከፍ አድርጎ የሳሳ መኻል ራሱን እያሳየኝ፣ «ምላጩ ያምማል እንዴ?» ሲል በጆሮዬ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ እኔን ብቻ ያያል የሚለው አሳብ ከንቱ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለካ ሁሉም በየቆቡ ሥር የራሱን ይዞ ኖሯል።

ከውጭው ዓለም ምሳሌ ቢፈለግ ዩል ብሪነር የተባለው ተዋናይ ይበቃል። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. «ንጉሡና እኔ» በተባለው ቴአትር የሲያምን ንጉሥ ሆኖ ሊሠራ ራሱን ተላጨ። ቴአትሩ ወደ ፊልም ተለውጦ ከፍተኛውን የተዋናዮች ሽልማት ካስገኘለት በኋላም መላ ምቱን አልለወጠም፤ እስከ ሞተበት እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ዓለም የሚያውቀው በተላጨ ራሱ ነው። ሌላው ሰው እንደ ጉድለት ይቈጥረው የነበረውን እርሱ መታወቂያው አደረገው።

አሁን ለመላጨት የቈረጠ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ። መጀመሪያ በቶንዶዝ አሳጥሮ ጥቂት ቀን መቆየት ዓይንን ያለማምዳል። ከዚያ ራስን በሙቅ ውኃና በሳሙና አለስልሶ፣ ምላጩን ሳይጫኑ ጠጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ መሳብ ይገባል። የእኛ ጠጉር ጥቅልል ስለ ሆነ በጣም ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳ እየገባ በተለይ በማጅራት ላይ እብጠት ያወጣል፤ እንዲህ የሚሆንበት ሰው ምላጩን ትቶ በቶንዶዝ ማሳጠር ይበቃዋል። ምላጭ በምንም ምክንያት ከሌላ ሰው ጋር አይጋሩት፤ በደም የሚተላለፉ እንደ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በሽታዎች በዚህ መንገድ ሊጋቡ ይችላሉና፣ ጠጉር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ በፊትዎ እንዲከፍት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፀሓይም አትናቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሓይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የተላጨ ሰው ባርኔጣ ሊኖረው ይገባል፤ ነገር ግን ትናንት ለመሸሸጊያ ያደርገው የነበረውን ባርኔጣ ዛሬ ለፀሓይ መከላከያ ያደርገዋል፤ ቤት ሲገባም ያለ ፍርሃት ያወልቀዋል።

«ብላጭ ተበላሽቶ ይቀር ይሆን?» ብሎ የሚሰጋም አይጠፋም። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. መላጨት የጠጉርን ውፍረትና የአበቃቀል ፍጥነት እንደማይለውጥ በምርመራ አሳይታለች። ስለዚህ መላጨት የሳሳውን አያበዛውም፤ የቀረውንም አያጠፋውም። ያልወደደው ሰው ጥቂት ወራት ታግሦ የነበረውን ያህል መልሶ ያገኘዋል። ከብዙ የሕይወት ውሳኔዎች መካከል እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ ጥቂት ነው።

በመጨረሻም ጠጉራቸው ላልተነካ አድማጮቼ አንድ ቃል አለኝ። በጨዋታ መካከል «መላጣ» የሚለው ስም ለተናጋሪው ቀላል፣ ለሰሚው ከባድ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕን በራሰ በራነቱ የሰደቡት ልጆች ምን እንዳገኛቸው መጽሐፍ ነግሮናል፤ የኦሪት ሕግም ጠጉሩ የረገፈ ሰው ንጹሕ እንደ ሆነ አስቀድሞ ፈርዷል። የሥራ ባልደረባችሁ ተላጭቶ ቢመጣ፣ ሐዘን ገጥሞት እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቁት፤ ሐዘን ካልሆነም እንኳን ደስ ያለህ በሉት። ሚስትም ባሏን፣ ልጅም አባቱን እንዲሁ ይቀበል፤ ለመላጨት ድፍረት የሚያሳጣው ምላጩ ሳይሆን የቤተ ሰብ ሣቅ ነውና።

«ራስ ሳይጠና ጉተና» እያሉ አባቶቻችን ይተርቱ ነበር። ከጠጉሩ በፊት ራሱ መጽናት እንዳለበት ማሳሰባቸው ነው። ራሱ ከጸና ግን፣ ጉተናው ቢኖርም ባይኖርም ሰውዬው ሙሉ ነው።