የተሰነጠቀ ጠጕር ይጠገናልን?
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር እጅግ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ አይበልጥም። ይኸውም የጠጕር ጫፍ ነው። ነገሩ ቀጭን ቢሆንም ስለ እርሱ የሚወጣው ገንዘብ ቀጭን አይደለም። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ «የተሰነጠቀ ጠጕርን ይጠግናል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ተደርድሮ ይታያል፤ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰውም ይህን ቃል አምኖ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ቃሉ እውነት ነውን? እውነትነቱስ በምን ይመረመራል? ብሎ መጠየቅ የገዢ ሁሉ መብት ነው።

በመጀመሪያ የጠጕርን አሠራር እንመልከት። ጠጕር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በውስጡ ቃጫ የመሰሉ ረጃጅም ክሮች ጐን ለጐን ተጣብቀው ይገኛሉ፤ በውጭ በኩል ደግሞ ስስ ቅርፊቶች፥ ልክ እንደ ሣር ክዳን፥ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይሸፍኑታል። ክዳኑ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ውስጡ አይጐዳም። ነገር ግን ማበጠሪያ ሲመላለስበት፥ የጋለ ብረት ሲነካው፥ ቀለም የሚያነጣና ጠጕር የሚያለሰልስ ብርቱ መድኃኒት ሲደርስበት ቅርፊቱ እየተላጠ ይሄዳል። ክዳኑ ያለቀበት ቤት ዝናብ እንደሚያስገባ፥ ቅርፊቱ ያለቀበትም ጠጕር ክሮቹ ይላቀቁና ጫፉ ለሁለት ወይም ለሦስት ይሰነጠቃል።

ስንጥቁ በጫፉ ላይ የሚበዛበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ጠጕር በወር ወደ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል። እንግዲህ ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ጠጕር ጫፉ የሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የደረሰበት መበጠርና መታጠብ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን። የተቈረጠ ጣት ቍስሉ የሚሽረው ሕይወት ስላለበት ነው። ከራስ ቅል ቆዳ በላይ የወጣ ጠጕር ግን ሕያው ሕዋስ የለበትም፤ ደምም አይደርሰውም። ስለዚህ የተሰነጠቀ ጫፍ ራሱን ሊያድን አይችልም፤ ማንኛውም ቅባት ቢሆን ሕይወት አይሰጠውም። ሊደረግ የሚቻለው መቍረጥ፥ ወይም የተለያየውን ማጣበቅ ብቻ ነው።

ለማጣበቁ ሥራ የሚያገለግሉት ፖሊመሮች ናቸው። ፖሊመር ማለት ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቍጠሪያ ተሰክተው የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። ጠጕር፥ ይልቁንም የተጐዳ ጠጕር፥ በውሃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ስለዚህ አወንታዊ ሙል ያለው ፖሊመር ወደ እርሱ ይሳባል። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በመጠቀም አወንታዊውንና አሉታዊውን ፖሊመር አዋሕደው፥ ሲደርቅ የተሰነጠቁትን ክፍሎች ስቦ የሚይዝ ማጣበቂያ ሠርተዋል። በ2007 ዓ. ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በአሜሪካ በጆርናል ኦፍ ኮስሜቲክ ሳይንስ ላይ የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ሲያስረዳ ሥራውን «ከፊል ዘላቂ» ጥገና ብሎ ሰይሞታል። ልብ በሉ! በላቦራቶሪ ያለው ሊቅ «ከፊል» የምትለውን ቃል ጨምሯል፤ ይህች ቃል ግን በብልቃጥ ላይ ብዙ ጊዜ አትገኝም።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል? በመጀመሪያ የጠጕር ዘለላዎች ተወስደው በመደጋገም ይበጠራሉ፥ ወይም በመድኃኒት ይጐዳሉ። ከዚያም የተሰነጠቁት ጫፎች በማይክሮስኮፕ እየታዩ ይቈጠራሉ። ዘለላዎቹ በሁለት ይከፈሉና አንደኛው ወገን ፖሊመር ያለበትን ፈሳሽ፥ ሁለተኛው ወገን ያው ፈሳሽ ያለ ፖሊመር ይቀባል። የአየሩ ሙቀትና እርጥበትም ለሁለቱ እኩል መሆን አለበት፤ ጠጕር እርጥበት ሲነካው ያብጣልና። የሚቈጥረው ሰው የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ዓይን የወደደችውን ታያለችና።

ለማስረዳት ያህል ብቻ ቍጥር እንስጥ። ከ100 የተሰነጠቁ ጫፎች 80ው ተጣበቁ እንበል። ይህ ያስደስታል። ነገር ግን ፖሊመር ከሌለበት ፈሳሽም 30 ጫፎች ተጣብቀው ቢገኙ፥ የፖሊመሩ ትርፍ 80 ሳይሆን 50 ነው። እንደ ገናም ዘለላው ከተበጠረ በኋላ 40፥ አንድ ጊዜ በሻምፖ ከታጠበ በኋላ 10 ብቻ ቢቀሩ፥ «80 ከመቶ ይጠግናል» የሚለው ማስታወቂያ ሐሰት ሳይሆን እውነቱን የከፈለ ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ የማጣበቂያም ብርታት የሚታወቀው በተቀባበት ሰዓት ሳይሆን በማግሥቱ ነው።

ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ምርመራው የተደረገው በማን ጠጕር ላይ ነው? በሉጫ ጠጕር ላይ የተገኘ ውጤት ለከርዳዳው ይሆናል ብሎ መደምደም አይገባም። ጥቅልል ጠጕር በደረቁ ሲበጠር ማበጠሪያውን አጥብቆ ስለሚይዝ ይበልጥ ይሰበራል። ይህ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ርጥብ ሆኖ፥ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፥ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየተወጣ ቢፈታ ጕዳቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን የሚቀቡት ቅቤም ስንጥቅን አያጣብቅም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ቅባት ፍትጊያን ያቀላል፤ መከላከል ደግሞ ከመጠገን ይረክሳል።

እንግዲህ ብልቃጡን ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከምን ጋር ተወዳድሮ? ለስንት ጊዜ? በማን ጠጕር ላይ? ሻጩ ሦስቱን ከመለሰ ግዙ፤ ካልመለሰ ግን ስለታም መቀስ ይበቃል። ፖሊመሩን አንንቀፍ፤ ጥቂት ቀን የሚያቈይ ደኅና ማጣበቂያ ነውና ስሙን እንደ ሥራው እንጥራው። በየመሥሪያ ቤታችን የሚቀርብልንን ሪፖርት የምናነብ ሁሉ ይህንኑ ሚዛን ልንይዝ ይገባናል። «ተጠገነ» ሲባል፥ ድኖ ነው ወይስ ተጣብቆ? ብለን እንጠይቅ።