ስለ ራዲዮ ጣቢያ መቆጣጠሪያ ሣጥን፤ በዋጫ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር



ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ፤ ይህ ሰው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ ሊናገር ምን አመጣው ብላችሁ ሳታስቡ አልቀራችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ አስብ ነበር። ትምህርቴ የቤተ ክህነት ነው፤ ፊደል ቆጥሬ፤ ዳዊት ደግሜ፤ ዜማ ጀምሬ፤ ቅኔ ቤትም ጥቂት ዘመን ቆይቼ፤ ብዕር ይዤ ወደ መንግሥት ሥራ ገባሁ። የራዲዮን ነገር ግን ያስተማረኝ መምህር ሳይሆን የገዛ ስሕተቴ ነው። ዛሬ በፊታችሁ ያኖርኩት ሣጥን የተሠራበት ምክንያት እርሱ ነውና፤ አስቀድሜ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሩቅ ወረዳ ጸሐፊ ነበርኩ። ስልክ ያልደረሰበት አገር ስለ ነበረ፤ ከዞኑ ከተማ ጋራ የምንገናኘው በረጅም ርቀት ራዲዮ ነበር። የራዲዮው ኃይል ከአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይመጣል፤ መጠኑም 70 አምፔር ሰዓት ነበር፤ ባትሪውን የሚሞላው በጣራ ላይ የተሰቀለ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ሰሌዳ ነበር። በነሐሴ በአንድ ዓርብ ቀን በ11 ሰዓት የውጭ አገር ጣቢያ ሳዳምጥ ቆየሁና፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፤ ራዲዮውን ግን ሳላጠፋ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። እሑድ በ7 ሰዓት ምጥ የጠናባት የአንዲት ሴት ባል እየሮጠ መጣ። መኪና እንዲላክልን ለመለመን ገብቼ ብመለከት ራዲዮው ገና ይሰማል፤ የመናገሪያውን ቁልፍ በተጫንኩ ጊዜ ግን ድርግም ብሎ ጠፋ። ለቀቅሁት፤ ተነሣ። እንደገና ተጫንኩት፤ እንደገና ጠፋ።

ሒሳቡን አሁን አብረን እንሥራው። ያ ራዲዮ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ በሰዓት 1.5 አምፔር ሰዓት ያህል ይበላ ነበር። ከዓርብ 11 ሰዓት እስከ እሑድ 7 ሰዓት 44 ሰዓት ነው፤ 44 በ1.5 ቢባዛ 66 ይሆናል። ከ70 ላይ 66 ቢቀነስ የቀረው 4 ብቻ ነው። የነሐሴ ደመና ሰሌዳውን ስለ ሸፈነው ምትክ አልገባም። ለማዳመጥ ጥቂት ኃይል ይበቃል፤ ለመናገር ግን ራዲዮው ባንድ ጊዜ 20 አምፔር ያህል ይስባልና፤ የደከመው ባትሪ በዚያ ሸክም ሥር ወደቀ።

ሴቲቱን የአገሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ ሄዱ። እርሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ባልየው ጥፋቱን የባትሪው አደረገው፤ የኔ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቀይ መብራትና አንድ የቮልት መለኪያ ኖሮ ቢሆን፤ ዓርብ ማታ በሩን ስዘጋ መብራቷ በጨለማው ውስጥ ትታየኝ ነበር። መቆጣጠሪያ ሣጥን የምንለው ነገር ይኸው ነው። በራዲዮ ጣቢያ ያሉት ልዩ ልዩ ዕቃዎች፤ ይኸውም ባትሪው፤ የአየር ሽቦው፤ መናገሪያውና የጆሮ ማዳመጫው፤ ሁሉ በየፊናቸው እንዳይሆኑ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያዝና የሚያሳይ ሣጥን ነው።

ዛሬ በዋጫ የእጅ ስልክ ሳለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የእጅ ስልክ ግን በመካከል ያለው ማማ ካልሠራ ዝም ይላል። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ማማ አይፈልግም። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፤ ከምድር በላይ ከ200 እስከ 400 ኪሎሜትር ድረስ ካለው በፀሐይ ኃይል ከተለወጠ የአየር ክፍል ተመልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህም ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ300 ኪሎሜትር በላይ የሆነው ተራራና ገደል አያግደውም። ይህንን ዕውቀት ለገንዘብ ሳይሆን ለመማርና ለመረዳዳት የሚሠሩበት ሰዎች አማተር ይባላሉ። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ 5 ኪሎ፤ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ጣቢያ አለው፤ መለያ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። ኢቲ የሚሉት ሁለቱ ፊደላት በዓለም ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው።

ነገር ግን አስተውሉ፤ ያለ ፈቃድ በራዲዮ መናገር ክልክል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ሣጥን መሥራት፤ የሞርስ ቁልፍ መለማመድ ይቻላልና ሥራ አይጠፋም። ፈቃድም ከተገኘ በኋላ አማተር ምሥጢር አይነጋገርም፤ በአየር ላይ የተነገረ ቃል የሰማው ሁሉ ነውና። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በወረረን ጊዜ በአቃቂ የነበረው የራዲዮ ጣቢያ የኢትዮጵያን ጩኸት ለዓለም አሰማ፤ በዚያው ጦርነት ደግሞ ጦራችን በራዲዮ የሚላላከውን ቃል ጠላት እየጠለፈ ይሰማ ነበር። አየር ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ነው።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። የሠራሁት ከዋንዛ ጣውላ ነው፤ ርዝመቱ 40፤ ወርዱ 25፤ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ነው። የፊቱ ገጽ ላሜራ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውና መለኪያው የሚሰካው በእርሱ ላይ ነው። ዋንዛ በዚህ አገር ይገኛል፤ ለመጋዝም አያስቸግርም፤ ነገር ግን የከፋ ዝናብ ታውቁታላችሁና፤ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ከተገጠመ ያብጣል፤ ክዳኑም አይከፈትም። የመጀመሪያውን ሣጥኔን እንዲህ አድርጌ አበላሸሁት። ሁለተኛውን ከምድጃ በላይ ሁለት ወር አንጠልጥዬ አደረቅሁት፤ ጢስ ጢስ ይሸታል፤ ይህን ይቅር በሉኝ።

ባትሪው በሣጥኑ ውስጥ አይገባም። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ እሳት ሲነካው የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጧፍም ኩራዝም አይቅረበው። ከባትሪው ፕላስ የሚነሣው ሽቦ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ይግባበት። ፊውዙ በሣጥኑ በኩል ቢደረግ ምን ነውር አለው ትሉኝ እንደ ሆነ፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ተልጦ ቢነካካ ከፊውዙ በፊት ያለው ሁሉ ይነዳል። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ በቦታው የሚያስገባ ሰው ግን ቤቱን ለማቃጠል የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ከዚህ የቀለለ ቃል አላገኘሁለትም።

የሽቦው ውፍረት ሌላው የሚናቅ ነገር ነው። ባትሪው ከሣጥኑ 3 ሜትር ቢርቅ፤ መሄጃና መመለሻው 6 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ያህል ይከለክላል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን 6 ሜትሩ 0.042 ኦም ይሆናል፤ 20 አምፔር ሲያልፍበት 0.84 ቮልት በመንገድ ይጠፋል። ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን የሚጠፋው 0.35 ቮልት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ራዲዮዎች የሚሠሩት ለ13.8 ቮልት ሆኖ ከ11.7 በታች ሲወርድ እንቢ ይላሉ። እንግዲህ በመለኪያው ላይ ደኅና የመሰለ ባትሪ በቀጭን ሽቦ ምክንያት ብቻ በሚናገሩበት ሰዓት ሊከዳ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያውን የምታነቡት ቁልፉን ተጭናችሁ ሳላችሁ ነው፤ ዝም ባለ ጊዜ የሚያሳየው ቍጥር ግማሽ እውነት ነው።

በመለኪያው ገጽ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ባትሪው ሥራ ሳይነካው ዐርፎ ሲቆይ 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፤ እዚያ ላይ አረንጓዴ ነው። በ12.2 ከግማሽ አይበልጥም፤ እዚያ ላይ ቢጫ ነው። በ11.8 ያለው ቀይ የቁም ምልክት ነው፤ ከዚህ በኋላ ባትሪውን መጠቀም ባትሪውን መግደል ነው። ዋናው ማብሪያ ሲበራ ቀዩ መብራት ይበራል፤ እስኪጠፋም ድረስ አይጠፋም። መብራቱን በክዳኑ ውስጥ ሳይሆን በበሩ ትይዩ ያደረግሁት ለምን እንደ ሆነ አሁን ታውቁታላችሁ።

የአየር ሽቦው ማዞሪያ ሦስት ቦታ አለው፤ አንደኛው ወደ ራዲዮው፤ ሁለተኛው ወደ ሌላ የአየር ሽቦ፤ ሦስተኛው ወደ ምድር ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ የሚሆን የአየር ሽቦ ርዝመቱ 142.5 ለ7.1 ሲካፈል የሚገኘው፤ ማለት 20 ሜትር ያህል ነው፤ መካከሉ ተቆርጦ በየጎኑ 10 ሜትር ይሆናል። በሁለት ዛፎች መካከል ሲሰቀል አንደኛው ጫፍ በገመድ ላይ ድንጋይ ተንጠልጥሎበት ይለቀቅ፤ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ የታሰረ ሽቦ ይበጠሳልና።

ስለ መብረቅ ግን በማዞሪያው አትታመኑ። ዕቃውን ከሩቅ መብረቅ ይጠብቀው ይሆናል፤ የቀረበ መብረቅ ግን ያንን የጣት ስፋት የማይሞላ ክፍተት እንደ ምንም ዘሎ ያልፋል። ደመና ሳይቋጥር ገና ሰማዩ ሲጠቁር የአየር ሽቦውን ገመድ ከሣጥኑ ፈትታችሁ በመስኮት ወደ ውጭ አውጡት። ነጐድጓዱ ከተሰማ በኋላ ግን ገመዱን ልፍታ ብሎ የሚቀርብ አይኑር፤ ራዲዮው ቢቃጠል ይቃጠል።

ማስተላለፊያውና መቀበያው የተለያዩ ዕቃዎች የሆኑበት አሮጌ ጣቢያ ያገኘ ሰው ደግሞ ሪሌይ ያስፈልገዋል። ሁለቱም በአንድ ላይ የሆኑበት የዛሬ ዘመን ራዲዮ ይህን ሥራ በውስጡ ስለሚሠራ፤ የማያስፈልገውን ሠርታችሁ አትድከሙ። የሪሌዩ ሥራ አንዱን የአየር ሽቦ አንድ ጊዜ ለመቀበያው፤ አንድ ጊዜ ለማስተላለፊያው መስጠት ነው። አደጋው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ የአየር ሽቦው ከመቀበያው ሳይላቀቅ ማስተላለፊያው ቢነሣ መቀበያው ባንድ አፍታ ይሞታል። ስለዚህ ማስተላለፊያውን የሚያስነሣው ቀጭን ሽቦ በዚያው ሪሌይ በሁለተኛው መንካኪያ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ፤ ሪሌዩ ተዛውሮ ካልደረሰ ማስተላለፊያው ትእዛዝ አይደርሰውም። በሪሌዩ መጠምጠሚያ ላይ ደግሞ ዳዮድ ይበየድ፤ ባለ መሥመሩ ጫፍ ወደ ፕላስ ይሁን። መጠምጠሚያው ሲቋረጥ የሚመልሰው ብርቱ ምት ሌላውን ዕቃ እንዳይጎዳ የሚውጠው እርሱ ነው። ዳዮዱ ተገልብጦ ከተበየደ ግን ማብሪያውን ስትነኩ ይቃጠላል፤ ካውያውን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ።

የመጨረሻው ክፍል በቀኝ በኩል ያለው የሞርስ ቁልፍና ትንሹ ጯሂ ነው። ይህ ከአየር ሽቦው ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም፤ ድምፁ ከዚህ ክፍል አይወጣምና ፈቃድ አይጠይቅም። ልጆች ሆይ፤ የሞርስን ነጥብና ሰረዝ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በዓይን አትማሩት። እኔ እንዲያ ጀምሬ ስድስት ወር ከሰርኩ። ኋላ ግን ዜማን እንዴት እንደ ተማርኩ ትዝ አለኝ፤ መሪጌታችን ምልክቱን ከማሳየታቸው በፊት ድምፁን በጆሯችን ያስገቡ ነበር፤ ስሕተታችንንም ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁት ነበር። ሞርስም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዜማ ነው እንጂ የሚቆጠር ነጥብ አይደለም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይስማ።

ሣጥኑ በዚህ ትምህርት ቤት ይቀራል። ክዳኑን በቪቴ አላሰርኩትም፤ ውስጡን የፈለገ እንዲያይ ነው። ከዚህ ንግግር በኋላ የሚቀርቡት አስቀድመው ፊውዙን ያውጡ፤ ፊውዙም በመምህሩ እጅ ይቆይ። የላሜራው ቀለም ገና አልደረቀምና በግራ በኩል አትንኩት።