ስለ ዜማ ምልክትና በኮምፒዩተር ስለ መጻፉ የተደረገ ንግግር



በአበርገሌ በቤቱ ኽምጣንጋ እየተናገረ ያደገ ልጅ ወደ ቅኔ ማሕሌት ሲገባ የሚያዜመው በግእዝ ነው። ቃሉም ዜማውም እንግዳ ስለሚሆንበት፥ ከመምህሩ አፍ ቀጥሎ የሚደገፈው በፊደሉ ራስ ላይ በተጻፈችው በትንሿ ምልክት ነው። እርስዋ ከቦታዋ አንድ ፊደል ብትርቅ ሊነሣ የሚገባው ይወድቃል፤ ሊረዝም የሚገባውም ይቈረጣል።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ምልክቱን ግን በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይተረካል። እነዚህም ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደትና ቍርጥ ናቸው፤ ድርስና አንብርም ይጨመሩባቸዋል።

ዛሬ ድጓውን በኮምፒዩተር ልጻፍ የሚል ዲያቆን በየስፍራው ተነሥቷል፤ መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን መኪናው የሚያውቀው ቁጥር የተሰጠውን ብቻ ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የግእዝን ፊደል የተቀበለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዜማው ምልክቶች ግን እስከ 2005 ዓ.ም. ቈይተዋል። ያን ጊዜ ዐሥር ቁጥሮች ተሰጡ፤ ይኸውም ለስምንቱ፥ ደግሞም ለአጭር ርክርክና ለደረት ሂደት ነው። ድርስና አንብር በዐሥሩ ስሞች ውስጥ አይገኙም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ጠባያቸው ነው። ዕብራውያን ብሉይ ኪዳንን የሚያዜሙበት ጤዓሚም የሚባል ምልክት አላቸው፤ ዜማን ብቻ ሳይሆን የዓረፍተ ነገርን መክፈያም ያመለክታል፤ ለመዝሙረ ዳዊት፥ ለምሳሌና ለኢዮብም ሌላ ስልት አለው። ዩኒኮድ በ1996 ዓ.ም. ሲቀበላቸው ለብቻቸው የማይቆሙ፥ ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ የሚጣበቁ አድርጎ ነው፤ ፊደሉ ሲሄድ ምልክቱ አብሮት ይሄዳል። የግእዙ ምልክት ግን እንደ አንድ ፊደል ራሱን ችሎ ስፍራ ይይዛል፤ የማን እንደ ሆነ መኪናው አያውቅም። ጸሓፊው በፊደላቱ መካከል ቢያስገባው ቃሉ ይሰነጠቃል፤ «ሃሌ ሉያ» ብሎ የሚፈልግም አያገኘውም። ከላይ በሌላ መስመር ቢጽፈው ደግሞ የገጹ ስፋት ሲለወጥ መስመሩ ይሰበርና ምልክቶቹ እንደ ተበተኑ በጎች ይሆናሉ።

ዕብራውያንም ቢሆኑ ያለ ችግር አልቀሩም። ኢየሩሳሌም የሚለው ስም በመጽሐፋቸው በአንድ ፊደል ሥር ሁለት የአናባቢ ነጥቦች አሉት፤ የዩኒኮድ ሥርዓተ ተራ ግን የኋለኛውን ወደ ፊት ያመጣዋል። የተራው ደንብ እንዳይለወጥ ስለ ተወሰነ በሁለቱ መካከል የማይታይ ምልክት ጨምረው ይጠብቁታል። የቅድስት ከተማ ስም እንኳ ዘበኛ አስፈለገው!

ስለዚህ ድጓውን ለማስጻፍ የሚያስብ ደብር አስቀድሞ ብራናውን ገጽ በገጽ በጥሩ ፎቶግራፍ ያስነሣ። ጽሑፉንም ጸሓፊው በተራ አጻጻፍ ሳይሆን እያንዳንዱን ምልክት ከፊደሉ ጋራ በሚያስር መሣሪያ ይጻፈው። ከዚያም በጋይንት በቤተ ልሔም ለድጓ የተመሰከረለት መሪጌታ ወረቀቱን ይዞ እያዜመ ያርመው፤ ዓይን ያላየውን ስሕተት ጆሮው ይሰማዋልና።