ሞባይላችን ምስክር ነው፤ ምስክርነት ደግሞ አማና ነው

(ከዐስር ሶላት በኋላ ለመስጂድ ጀመዓ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናወራው አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ ስላለ ነገር ነው፤ ስለ ሞባይላችን።

ጥር 2004 ላይ ጥያቄያችን ከአወሊያ ሲነሳ የራሳችን ቴሌቪዥን አልነበረንም። የመጅሊስ አመራሮች በሕዝበ ሙስሊሙ ይመረጡ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዴታ አይጫንብን፣ አወሊያ ሕዝቡ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር ስንል፣ ሌላው ወገን በየማታው ስለኛ ይናገር ነበር። ከአላህ እገዛና ከአንድነታችን ቀጥሎ የቀረን ይህ ትንሽ ስልክ ነው። በአንዋር መስጂድ ጁሙዓ ላይ ሕዝቡ እጁን አጣምሮ ወደ ላይ ሲያነሳ አንዱ ወጣት ይቀርጻል። ኢንተርኔት ያለው ይልካል፤ የሌለው በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላል። «አክራሪ» ሲባል የሰማ ጎረቤት ምስሉን ያይና «እነዚህማ ድንጋይ እንኳ አልያዙም» ይላል።

ይህ በኛ የተጀመረ አይደለም። በቱኒዚያ ሲዲ ቡዚድ በምትባል ከተማ ታኅሣሥ 8 ቀን 2003 ፍራፍሬና አትክልት በጋሪ የሚሸጥ አንድ ወጣት በደል አንገፍግፎት በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። ራስን ማጥፋት በዲናችን የተከለከለ ነው፤ የማወሳው ድርጊቱን ለማወደስ አይደለም። ቤተሰቡና የከተማው ሰው አደባባይ ወጥተው ሲጮኹ ግን ዘመዱ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ አወጣው፤ አልጀዚራም ያንን ወስዶ አሰራጨው። የአገሪቱ ሚዲያ ዝም ያለውን ዓለም ሰማው። ጥር 6 ቀን ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሄዱ።

ስልክ ይህን ያህል ጉልበት አለው ማለት ነው። ጉልበት ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ያስጠይቃል። የቀረጸ ሰው ምስክር ሆኗል፤ ያስተላለፈም ሰው ምስክር ሆኗል። ምስክርነት አማና ነው።

ሱረቱል ሑጁራትን አስታውሱ። አላህ (ሱ.ወ) በስድስተኛው አያ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ ብሎ አስጠንቅቆናል። ሙፈሲሮች የአያዋን መነሻ ሲያወሱ፣ ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘካ እንዲሰበስብ የተላከ ሰው መንገድ ላይ ፈርቶ ተመለሰና «ዘካ ከለከሉ» ብሎ ተናገረ ይላሉ። ሰዎቹ ግን አልከለከሉም ነበር። በአንድ ያልተጣራ ወሬ ደም ሊፈስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እኛ እኮ የሰነድ ኡማ ነን! ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ አንዲትን ሐዲስ ከሰማት ሰው አፍ ለመስማት ወደ ሻም የአንድ ወር መንገድ ሄደዋል። ዑለማዎቻችን «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ሳይሉ ቃል አልተቀበሉም። እኛ ግን የአንዲትን ምስል ሰነድ ለመጠየቅ ወር መጓዝ አይጠበቅብንም፤ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። ያንንም አናደርግም!

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2004 ክረምት የበርማ ሙስሊሞች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ አንድ ፎቶ በመላው ዓለም ተሰራጨ። በሬሳ ክምር መሐል የቆሙ መነኮሳትን ያሳያል። «ሙስሊሞችን የገደሉ» ተባለ። ፎቶው ግን በ2002 ቻይና ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የተነሳ ነበር፤ መነኮሳቱም ሬሳ ለማንሳት የመጡ ነበሩ። የበርማ ወንድሞቻችን በደል እውነት ነው፤ ውሸት አያስፈልገውም ነበር። ያ አንድ ፎቶ ግን በደላቸውን መካድ ለሚፈልግ ሁሉ ምክንያት ሰጠው። በሐሰት የተደገፈ እውነት እንዲህ ይሆናል።

ሌላው መቁረጥና መቀጠል ነው። ጥር 28 ቀን 2005 ማታ «ጅሃዳዊ ሐረካት» ሲተላለፍ ሁላችንም አይተናል። ጉዳያቸው ያኔ ገና በፍርድ ቤት የነበረ ወንድሞቻችን፣ በእስር ላይ ሆነው የተናገሩት ተቆራርጦ ቀረበ። አዘንን፣ ተቆጣን። ታዲያ እኛስ? ከመካከላችን አንዱ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ድንጋይ ቢወረውር፣ ያችን ደቂቃ ቆርጠን የቀረውን እናሰራጫለን? አላህ በሱረቱ ኒሳእ በራሳችሁም ላይ ቢሆን ለፍትሕ ቁሙ ብሎናል። ያንን ወጣት መምከርና መመለስ የኛ ሥራ ነው፤ ምስል ቆርጦ መሸፈን ግን ምስክርነትን መደበቅ ነው።

ወጣቶች ሆይ! እነዚህን ያዙልኝ።

ኹጥባና ሶላት ላይ ስልክ አይወጣም። የመጣነው ለዒባዳ ነው።

ስትቀርጹ እጃችሁን አታንቀጥቅጡ፤ ስልኩን አግድም ያዙት። ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ሚናራውን ወይም የሚታወቅ ሕንጻ አሳዩ። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ።

የሰው ፊት አማና ነው። ሕዝቡን ከኋላ ወይም ከሩቅ ቅረጹ፤ የተነሳው እጅ ይበቃል። የእህቶችንና የሕፃናትን ፊት አታውጡ። ጀግንነቱን ያሳየሁለት ብላችሁ የለቀቃችሁት ምስል፣ ነገ ወንድማችሁን ከቤቱ የሚያስወስድ ሊሆን ይችላል። እናቱ ስታለቅስ «ለኸይር ብዬ ነው» ማለት እንባዋን አያብስም።

የወደቀ ሰው ካያችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ ሰውየውን አንሱ። የሰው ነፍስ ከምስል ይቀድማል። ቅረጻውን አቁም ያላችሁ የጸጥታ ኃይል ካለም አትታገሉ፤ ትግላችን ሰላማዊ ነው።

ምስል ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ቀረጸው? መቼ? የት? መልስ ካላገኛችሁ እናንተ ጋ ይቁም። የሰማውን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለማሰኘት እንደሚበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ያየውን ሁሉ ማስተላለፍስ ከዚህ በምን ይለያል?

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ጥያቄያችን ሐቅ ነው። ሐቅን የያዘ ሰው የሚያስፈራው ነገር ቢኖር የራሱ ሰው በሐቁ ላይ ውሸት መቀላቀሉ ነው። አንድ ቀን ይህ ስልክ ይበላሻል፣ ፌስቡኩም ይዘጋል። የማይጠፋ መዝገብ ግን በቀኝና በግራ ትከሻችን ላይ እየተጻፈ ነው። የላክነውም፣ የቆረጥነውም፣ የደበቅነውም እዚያ አለ።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን፤ የሞቱትን ይማርልን። ምላሳችንንም ጣታችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።